ለቤት ወርክሾፕ ሞተር የተለየ የኤሌክትሪክ መስመር ስለ መዘርጋት

የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ገጠር ቀበሌዎች እየገባ በሄደ መጠን፥ ከቤቱ አጠገብ አነስተኛ ወርክሾፕ አቋቁሞ ቀንበርና ሞፈር፥ የንብ ቀፎና የበር መቃን በሞተር መጋዝ የሚሠራ፥ በዚያውም ሞተር ለከብቶቹ መኖ የሚፈጭ ገበሬ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ እየቀረ ነው። ይህም የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ሞተር ለመግዛት ሁለትና ሦስት ዓመት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው፥ ሞተሩ ስለሚሠራበት ሽቦ አንድ ቀን እንኳ ሳያስብ ይቀራል። ሞተሩ ከገበያ መጥቶ እንደ ወረደ፥ ለአምፖልና ለራዲዮ በተዘረጋው ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ወይም ከእንጀራ ምጣዱ መስመር ላይ በሁለት ሽቦ ይቀጠላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር የቤቱ መብራት ይደበዝዛል፤ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ቫልቮላ ያለው ቤት እንደ ሆነ ቫልቮላው ይቃጠላል። ባለቤቱም በመሰልቸት በቫልቮላው ቦታ ወፍራም ሽቦ ይጠመጥምበታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ የሚቃጠለው ቫልቮላው መሆኑ ቀርቶ፥ በጭቃው ግድግዳና በጣራው ሣር መካከል የሚያልፈው ሽቦ ይሆናል።

የተለየ መስመር ማለት ከብሬከር ሣጥኑ ተነሥቶ፥ በመንገዱ ላይ ሌላ አምፖልም ሆነ ሶኬት ሳይቀጠልበት፥ በራሱ ብሬከር እየተጠበቀ እስከ ሞተሩ ድረስ የሚሄድ መስመር ማለት ነው። የቤት እመቤቶች ይህን ነገር ከወንዶቹ ቀድመው ያውቁታል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ስለሚወስድ፥ በደንብ በተሠራ ቤት ውስጥ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር አለው። የወርክሾፕ ሞተርም ከምጣድ የማያንስ ክብር ይገባዋል። እንዲያውም ሞተር ከምጣድ የሚከፋበት ጠባይ አለው፤ ይኸውም ምጣድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚወስደው ኃይል አንድ ዓይነት ሲሆን፥ ሞተር ግን ከቆመበት ሲነሣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ያህል፥ እየሠራ ሳለ ከሚወስደው አምስት፥ ስድስት፥ አንዳንድ ጊዜም ሰባት እጥፍ የሚስብ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ማናቸውም ሽቦ ከመገዛቱ በፊት በሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ማንበብ ያስፈልጋል። በሰሌዳዋ ላይ የሞተሩ ጉልበት በኪሎዋት ወይም በፈረስ ጉልበት፥ የሚሠራበት ቮልት፥ የሚወስደው አምፔር፥ የሚያስፈልገውም የፌዝ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። በአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ባለ አንድ ፌዝ ሲሆን፥ የሦስት ፌዝ መስመር ደግሞ 380 ቮልት ነው፤ ሁለቱም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኃይል ነው። ሰሌዳዋ የተፋቀች ወይም የተነቀለች ያገለገለ ሞተር ሲገኝ፥ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፥ በባለሙያ ሳያስለኩ መግዛት አይመከርም።

ለምሳሌ ያህል በአድዓ አገር፥ በዋልካ መሬት ላይ የሚኖር አንድ ገበሬ 2.2 ኪሎዋት፥ ማለት 3 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ገዛ እንበል። ይህን የመሰለ ሞተር በሥራ ላይ ሳለ ወደ 15 አምፔር ይወስዳል፤ ሲነሣ ግን 80 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል። ወርክሾፑ፥ የእንጨት ርጋፊና ጭድ እንዳይቃጠልበት በማሰብ፥ ከቤቱ ራቅ ብሎ 35 ሜትር ላይ ተሠርቷል። ይህ ርቀት ከእሳት አንጻር ጥሩ አሳብ ነው፤ ከሽቦ አንጻር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚመለስ ስለሆነ፥ 35 ሜትር የተባለው በሽቦ ሲቈጠር 70 ሜትር ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት የግድ ነው። 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ፥ ይኸውም ለአምፖል የሚዘረጋው፥ በ70 ሜትር ላይ ያለው እንቅፋት 0.85 ኦም ያህል ነው። 80 አምፔር ሲያልፍበት 68 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ለሞተሩ የሚደርሰው ከ220 ቮልት 152 ብቻ ነው። የሞተር የመነሻ ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በቮልቱ ቁጥር ብዜት ይወርዳል። ስለዚህ ቮልቱ ወደ 152 ዝቅ ሲል ጉልበቱ ከግማሽ በታች ይሆናል። ይህም ማለት መጋዙ እንጨት ነክሶ እንደ ሆነ፥ ወይም በመፍጫው ውስጥ እህል ቀርቶ እንደ ሆነ፥ ሞተሩ መነሣት ተስኖት እያጓራ ይቆማል፤ በቆመበትም ያንን ከባድ ኃይል መሳቡን አያቋርጥም፤ በጥቂት ደቂቃም ጥምጥሙ ይቃጠላል። ሰዎች "ሞተሩ ጥራት የለውም" ብለው ሻጩን የሚያሙበት ነገር ብዙውን ጊዜ የሽቦ መቅጠን ነው።

በ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ በመነሻው ጊዜ የሚጎድለው 41 ቮልት ያህል ሲሆን የመነሻ ጉልበቱም ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። በ4 ሚሊሜትር ካሬ የሚጎድለው 26 ቮልት፥ በ6 ሚሊሜትር ካሬ ደግሞ 17 ቮልት ብቻ ነው፤ በዚህ በመጨረሻው ሞተሩ ከመነሻ ጉልበቱ ከመቶ 85 እጁን ያገኛል። ከቆጣሪው በፊት ባለው የመንደሩ መስመር ላይ የሚጎድለው ቮልት ከዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም፤ ከትራንስፎርመር በራቀ ቤት፥ ይልቁንም ሁሉም ምጣዱን በሚጥድበት በማታ ሰዓት፥ እርሱም ቀላል አይደለም። እንግዲህ ለተባለው ሞተርና ለተባለው ርቀት 4 ሚሊሜትር ካሬ ከሁሉ የሚያንሰው ሲሆን፥ የሚሻለው ግን 6 ሚሊሜትር ካሬ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አንድ የተቃጠለ ሞተር እንደገና ለማስጠምጠም ከሚወጣው ወጪ ጋር ተመዛዝኖ ይታይ።

ስለ ሽቦው ዓይነት አንድ ነገር መጨመር ያሻል። በገበያ ላይ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ሽቦ አለ። በዓይን ሲያዩት ከእውነተኛው መዳብ አይለይም፤ ነገር ግን በእጅ ሲያነሡት ይቀላል፤ ጫፉም በቢላዋ ሲፋቅ ነጭ ይሆናል። የኃይል እንቅፋቱ ከመዳብ በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ በማሰሪያው ብሎን ሥርም እየላላና እየጋለ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሽቦ ለሞተር መስመር መግዛት ገንዘብ ማዳን አይደለም።

ብሬከሩን በተመለከተ፥ ብዙ ሰው ትልቅ ቁጥር ያለው ብሬከር የተሻለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና ቁጥሩ ሽቦው ከሚችለው በታች መሆን ይገባዋል። ከዚህ በላይ ለተጠቀሰው ሞተር የ20 አምፔር ብሬከር ተስማሚ ነው፤ 6 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ሆኖ ከ30 አምፔር በላይ ስለሚችል ጥበቃው የተሟላ ይሆናል። ከቁጥሩ በፊት የምትጻፈውን ፊደልም ማየት ያስፈልጋል። "ቢ" የተባለው ዓይነት ከቁጥሩ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ በሆነ ኃይል በቅጽበት ይወርዳል፤ ማለት በ60 እና በ100 አምፔር መካከል ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲነሣ ያለ ምክንያት እየወረደ ባለቤቱን ያበሳጫል። "ሲ" የተባለው ግን ከአምስት እስከ ዐሥር እጥፍ ስለሚታገሥ ለሞተር እርሱ ይመረጣል። ብሬከሩ ቢወርድ በትልቅ ብሬከር መለወጥ ሳይሆን ለምን እንደ ወረደ መመርመር ይገባል።

አሁን ሰውን ወደሚገድለው ነገር እንመጣለን፤ እርሱም የመሬት ሽቦ ጉድለት ነው። በብዙ ቤት ሁለት ሽቦ ብቻ፥ ማለት ፌዝና ኒውትራል፥ ተዘርግቶ ሦስተኛው የመሬት ሽቦ እንደ ጌጥ ተቈጥሮ ይተዋል። በሞተሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ልባስ በሙቀት ወይም በእርጥበት አንድ ቀን ሲላጥ፥ የሞተሩ የብረት አካል ከፌዙ ጋር አንድ ይሆናል። በእርጥብ መሬት ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ያንን ብረት ሲነካ ኃይሉ በእርሱ አካል በኩል ወደ መሬት ያልፋል። ገበሬው ራሱ ቢጠነቀቅ እንኳ ልጆቹና ከብቶቹ አይጠነቀቁም።

አንዳንድ ሰው የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ከሞተሩ ጋር ካገናኘ በኋላ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ዘንጉ የግድ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ምክንያቱም አፈር እንደ መዳብ ኃይል አያሳልፍም። የዘንጉ የመሬት እንቅፋት 60 ኦም፥ በትራንስፎርመሩ በኩል ያለው ደግሞ 4 ኦም ቢሆን፥ በብልሽት ጊዜ በአፈሩ የሚያልፈው ኃይል 220 ለ64 ሲካፈል ሦስት አምፔር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ይህን የ20 አምፔር ብሬከር ፈጽሞ አያየውም። ብሬከሩ ሳይወርድ የሞተሩ አካል ከ200 ቮልት በላይ ይዞ ሰው እስኪነካው ድረስ ይጠብቃል።

ስለዚህ በመስመሩ መነሻ ላይ፥ ኤሌክትሪሲያኖች አር ሲ ዲ የሚሉትን መሣሪያ መጨመር ያስፈልጋል። ይህ መሣሪያ በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ኃይል ያመዛዝናል፤ ልዩነት ካገኘ ኃይሉ በሌላ መንገድ፥ ምናልባትም በሰው አካል በኩል አፈትልኳል ማለት ነውና መስመሩን ይቆርጣል። ለሰው ሕይወት ጥበቃ የሚመረጠው በ30 ሚሊአምፔር፥ ማለት ከአንድ አምፔር በመቶ ሦስት እጅ የሚቆርጠው ነው፤ በዚህም መጠን መስመሩን ለመቁረጥ ከሰከንድ ሦስት ዐሥረኛ በላይ አይፈጅበትም። በላዩ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ መጫን ተገቢ ነው፤ ተጭና ካልቆረጠ መሣሪያው ሞቷል።

ስለ ዘንጉ አተካከል የአድዓንና የመሰሉትን አገሮች አፈር የሚያውቅ ሰው ይህን ይገነዘባል፤ ዋልካ በክረምት እርጥበት ይዞ ያብጣል፤ ዘንጉንም አጥብቆ ይይዛል፤ ኃይልም በደንብ ያሳልፋል። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም አንዳንድ ጊዜ ክንድ የሚያስገባ ይሆናል። በዚያን ጊዜ አጭር ዘንግ በአየር መካከል እንደ ቆመ ይቈጠራል። በነሐሴ ተለክቶ መልካም የተባለ ዘንግ በመጋቢት ምንም አይረባም። ስለሆነም በዋልካ መሬት አንድ ሜትር ተኩል የሆነው የገበያ ዘንግ አይበቃም፤ ሁለት ዘንግ ተቀጣጥሎ ሦስት ሜትር ያህል ቢወርድ፥ ወይም ሁለት ዘንግ ተራርቆ ተተክሎ በመዳብ ሽቦ ቢያያዝ ይሻላል። ቦታውም በበጋ እርጥበት የማይለየው፥ ለምሳሌ የእጅ መታጠቢያ ውሃ የሚፈስበት ጥግ ቢሆን ይመረጣል። ልኬቱ በበጋ መጨረሻ ይደረግ።

ከዚህም በቀር አንድ አደገኛ ልማድ አለ፤ ዘንግ መትከል የሰነፈ ሰው የሞተሩን አካል ከኒውትራሉ ጋር ያስራል። ኒውትራሉ በአንድ ቦታ የተበጠሰ ዕለት የሞተሩ አካል በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ይህን ያደረገ ኤሌክትሪሲያን ሥራውን ፈርሶ እንዲሠራ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከቤቱ እስከ ወርክሾፑ ያለው መስመር በአየር ወይም በመሬት ውስጥ ሊሄድ ይችላል። በአየር ከሄደ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ሳይነካው የሚያልፍበት ከፍታ ያስፈልገዋል፤ ከሣር ክምርም መራቅ አለበት። በመሬት ውስጥ መቅበር ይሻላል፤ ጉድጓዱ ከ60 ሳንቲሜትር ባያንስ፥ ማረሻም ሆነ መቆፈሪያ አያገኘውም፤ ትራክተር በሚገባበት ማሳ ግን ከዚያ በላይ ይጠልቃል። ኬብሉ ከታችና ከላይ አሸዋ ተደርጎለት፥ በጠንካራ ቱቦ ውስጥ አልፎ፥ ከላዩ ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረደርበታል፤ በኋላ የሚቆፍር ሰው ጡቡን ሲያገኝ ይጠነቀቃል። በደጋው አገር ፍልፈል የሚበዛበት መሬት እንደ ሆነ የብረት ልባስ ያለው ኬብል መግዛት ይመከራል፤ ፍልፈል ሥር የሚቆርጠው በጥርሱ ነውና ለስላሳ ፕላስቲክ አያግደውም። በጉድጓዱ መካከል ቅጥል እንዳይኖር ኬብሉ ከመጀመሪያው ሳይቆረጥ ይገዛ። መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ በወረቀት ላይ ተነድፎ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ቢቀመጥ ልጆች ይጠቀሙበታል። ማራዘሚያ ገመድ የዘላቂ መስመር ምትክ አይደለም፤ ይልቁንም ተጠቅልሎ ሳለ ከባድ ኃይል ሲያልፍበት በጥቅሉ ውስጥ ይግላል፤ ይቀልጣልም።

መስመሩ ወርክሾፑ ከደረሰ በኋላ፥ በ16 አምፔር የቤት ሶኬት ላይ ሞተሩን ከመሰካት ይልቅ፥ በሩ አጠገብ በሚሰቀል ቆራጭ ማብሪያ በኩል ማሰር ይበልጣል። ቆራጩ በቁልፍ የሚዘጋ ቢሆን መልካም ነው፤ መጋዙን የሚያጸዳ ሰው ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ከቆራጩ ቀጥሎ ኮንታክተር ያለው ማስነሻ ይገባል። የዚህ ጥቅም በአገራችን ከሌላው ይልቅ ጎልቶ የሚታይ ነው። መብራት በሥራ መካከል ሲጠፋ፥ ሠራተኛው መጋዙን ሳያጠፋ ትቶት ይወጣል፤ ወይም የተወሸቀ እንጨት ሊያወጣ እጁን ያስገባል። መብራቱ ድንገት ሲመለስ ተራ ማብሪያ ያለው መጋዝ በራሱ ይነሣል። ጣቶች የሚቆረጡት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ኮንታክተር ግን ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ይለቃል፤ አረንጓዴው ቁልፍ እንደገና ካልተጫነ አይነሣም። በዚያው ማስነሻ ላይ ያለው ኦቨርሎድ የሚባለው መጠበቂያ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ ይስተካከል፤ በሽቦው ልክ አይደለም። ቀዩ ማቆሚያ ቁልፍ እጅ ሁለቱም ሥራ ላይ ሳሉ በጉልበት ወይም በክርን ሊገፋ በሚቻልበት ቦታ ይሁን። የባለ አንድ ፌዝ ሞተር ማስነሻ ካፓሲተር ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፥ ሽፋኑን ባለሙያ ያልሆነ ሰው አይክፈተው።

የመጋዝ ብናኝና የመኖ ዱቄት እሳት ይይዛሉ። ማብሪያዎቹና ሣጥኖቹ አቧራ የማያስገቡ ይሁኑ፤ በሞተሩ የአየር መውጫ ላይ የተከማቸውም ብናኝ በየሳምንቱ በብሩሽ ይጠረግ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቆጣሪው በኩል የሚገባው ኃይል መብቃቱን ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምጣዱ 16 አምፔር፥ ሞተሩ 15 አምፔር ሲሆን፥ ሁለቱ በአንድነት ሲሠሩ 31 አምፔር ይሆናል፤ ባልና ሚስት ተነጋግረው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መጋዙ ቢያርፍ ይህ ችግር ያለ ምንም ወጪ ይቃለላል። ከ3 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ሞተር ለሚያስብ ሰው የሦስት ፌዝ መስመር ማመልከት ይሻለዋል፤ በ380 ቮልት ያው 2.2 ኪሎዋት ሞተር በየፌዙ የሚወስደው 5 አምፔር ያህል ብቻ ነውና። ነገር ግን ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጠፋ ሞተሩ በሁለቱ እየታገለ ስለሚቃጠል፥ የፌዝ መጥፋትን አይቶ የሚቆርጥ መሣሪያ አብሮ መገዛት አለበት።

ጉድጓዱን መቆፈር፥ አሸዋውን ማመላለስና ጡቡን መደርደር ገበሬው ራሱ ሊሠራው የሚችል ነው፤ የሽቦው ሥራ ግን የብቃት ማረጋገጫ ላለው ኤሌክትሪሲያን ይሰጥ። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ በዘፈቀደ የሚሠራ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1995 በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ 10ኛ ክፍል ሥርዓቱ ተደንግጓል። በዓለም አቀፉ ደንብ ቡናማው ሽቦ ፌዝ፥ ሰማያዊው ኒውትራል፥ አረንጓዴና ቢጫ የተደባለቀው የመሬት ሽቦ ነው። በቆዩ ቤቶች ግን ቀይና ጥቁር ሽቦ ስለሚገኝ፥ አሮጌውና አዲሱ በሚገናኙበት ቦታ በቀለም ሳይታመኑ መለካት ይገባል።

ኤሌክትሪሲያኑ ሂሳቡን ከመቀበሉ በፊት ባለቤቱ በፊቱ ሦስት ልኬት ያስለካ። መጀመሪያ፥ ሞተሩ ሳይታሰር፥ በ500 ቮልት መለኪያ በሽቦዎቹ መካከልና በእያንዳንዱ ሽቦና በመሬት መካከል ያለው የልባስ ጥንካሬ ከ1 ሜጋኦም እንዳያንስ ይታይ። ሁለተኛ፥ የመሬቱ ሽቦ ከሞተሩ አካል እስከ ዘንጉ ድረስ ሳይበጠስ መድረሱና የዘንጉ እንቅፋት በኦም ይለካ፤ ቁጥሩም ከቀኑ ጋር በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይጻፍ። በመጨረሻም ሞተሩ ሥራ ይዞ ሲነሣ በማሰሪያው ላይ ያለው ቮልት ይነበብ፤ በቤቱ ሣጥን ላይ ከሚነበበው ከ17 እስከ 20 ቮልት ያህል ብቻ ዝቅ ካለ ሽቦው በደንብ ተመርጧል፤ 40 ቮልት ከጎደለ ግን ወይ ሽቦው የተባለው ውፍረት የለውም፥ ወይም አንድ ብሎን ላልቷል፤ ገንዘቡ ሳይከፈል ይፈለግ።